ያልተነበበ ውል፤ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ከተማሪና ከወላጅ ግንዛቤ አንፃር ሲመረመር

መግቢያ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ስሙን የወረሰው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ ሲከፈት ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ተመርጠው የሚመጡ ወንዶች ልጆች የሚያድሩበት፣ የሚመገቡበትና የሚማሩበት ተቋም ነበር። በዚያ ዘመን የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ማለት በአብዛኛው በመንግሥት ቀለብ መማር ማለት ነበር። ከትምህርት ቤቱ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለገባውም ተማሪ ነገሩ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። መንግሥት ያስተምራል፣ ተማሪው ተምሮ አገሩን ያገለግላል፤ ሒሳቡ በዚህ ይዘጋ ነበር።

ዛሬ በዚያው ሥፍራ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል። ከአጠገቡም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የተቋቋመ የሕክምና ኮሌጅ አለ። በአካባቢው የሚኖረው ወላጅ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጁ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመደብለት የሚሰማው ደስታ ያው የቀድሞው ነው። ሒሳቡ ግን ተለውጧል። ልጁ በምዝገባ ሰሞን ከሚሞላቸው ቅጾች መካከል አንዱ፣ ከምረቃ በኋላ ለዓመታት ከደመወዙ የሚቀነስ ዕዳ መቀበሉን የሚያረጋግጥበት ውል ነው። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» ይሉታል፤ በሕግ ስሙ ወጪ መጋራት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሥርዓት የመሠረተውን ደንብ እንደ አንድ ጽሑፍ አንብቦ መመርመር፣ ለተማሪውና ለወላጁ ምን ያህል እንደሚገባ መገምገም፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊወስዱት የሚገባውን እርምጃም ማመልከት ነው። የጽሑፉ አቋም ከወዲሁ ቢገለጽ ይበጃል። ወጪ መጋራት በመርሕ ደረጃ ተገቢ ነው። ጉድለቱ ያለው በአቀራረቡ፣ በስያሜውና ከሁሉ በላይ ሳይብራራ በመፈረሙ ላይ ነው።

1. የሐሳቡ ምንጭ

ተማሪው ለተሰጠው ትምህርት አንዳች ነገር መመለስ አለበት የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። በዚህ ፕሮግራም መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግል ነበር። አብዛኞቹ የተሰማሩት በማስተማር ሥራ ላይ ስለነበር፣ ኅብረተሰቡ ለተማሪው ያወጣው ገንዘብ በከፊል በአገልግሎት መልክ ተመልሶለታል ማለት ይቻላል። የዚያ አከፋፈል አንድ ትልቅ ጥቅም ግልጽነቱ ነበር። ተማሪው ምን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍልና ለማን እንደሚከፍል በሚገባ ያውቅ ነበር።

በገንዘብ ወደሚከፈለው ወጪ መጋራት የተሸጋገረው መንገድ የተጠረገው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያ የሚሰጠው እስከ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ላለው ትምህርት መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ባሉት ደረጃዎች የወጪ መጋራት እየጨመረ እንደሚሄድ አስታወቀ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከዊንጌት አደባባይ አንድ ኪሎ ጥሬ ዕቃ የሚገዛ ሰው በተዘዋዋሪ ግብር ይከፍላል። የዚህ ሰው ልጅ ግን ምናልባት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቀርቶ ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ደግሞ በአማካይ ከሌላው የተሻለ ገቢ የሚያገኝ ዜጋ ነው። ያልተማረው ለተማረው ሙሉ ወጪውን ይክፈል ማለት ከፍትሕ ጋር አይስማማም።

ይህን መነሻ በማድረግ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 የወጪ መጋራትን መርሕ ደነገገ። ዝርዝሩን የያዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደንብ ቁጥር 154 ተከተለው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 650/2001፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ሲተካ መርሑ አልተነካም። የሥርዓቱን አስተሳሰብ ለመረዳት መነበብ ያለበት መሠረቱን የጣለው ደንብ ቁጥር 91 ነው።

2. ደንቡ ምን አለ?

ደንቡ የተማሪውን ድርሻ በሁለት ከፍሎ አስቀመጠ። የመጀመሪያው የምግብና የመኝታ ወጪ ሲሆን ይህን ተማሪው በሙሉ እንዲሸፍን ተደረገ። ሁለተኛው የትምህርቱ ወጪ ሲሆን ከዚህ ተማሪው ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተወሰነ። ቀሪውን የትምህርት ወጪ መንግሥት ይሸፍናል።

አከፋፈሉም በሦስት መንገድ ነው። አቅም ያለው አስቀድሞ ይከፍላል፤ አስቀድሞ በመክፈሉም ቅናሽ ይደረግለታል። አቅም የሌለው ከተመረቀና ሥራ ከያዘ በኋላ በየወሩ ከገቢው እየተቀነሰ ይከፍላል። የመምህርነትን ሙያ በመሰሉ፣ መንግሥት በሚወስናቸው መስኮች የሠለጠነ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ይከፍላል። በወር የሚቀነሰው ከገቢው ከ10 በመቶ ያላነሰ እንዲሆን፣ ዕዳውም ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተከፍሎ እንዲያልቅ ተደነገገ። ቀናሹ አሠሪው፣ ሰብሳቢው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው።

እነዚህ አንቀጾች ለየብቻቸው ሲነበቡ ግልጽ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ተማሪው አንቀጾቹን አገጣጥሞ ማንበብ ሲኖርበት ነው። ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ ተመን ለብዙ ዓመታት 15 ብር፣ ኋላም 22 ብር ነበር። አንድ ተማሪ በዓመት 300 ቀን በግቢ ይመገባል ቢባል፣ በ15 ብር ተመን የዓመቱ የምግብ ዕዳ 4,500 ብር፣ የአራት ዓመቱ 18,000 ብር ይሆናል። በ22 ብር ተመን የአራት ዓመቱ 26,400 ብር ይደርሳል። የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ ተመኑ 100 ብር ቢገባ ግን የአራት ዓመቱ የምግብ ዕዳ ብቻውን 120,000 ብር ነው። የመኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ገና አልተጨመረም።

አሁን ሁለቱን አንቀጾች ማገጣጠም ይቻላል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ምሩቅ 10 በመቶው ሲቀነስ 600 ብር ይከፍላል። 120,000 ብር በ600 ብር ሲካፈል 200 ወር፣ ማለትም ከ16 ዓመት ተኩል በላይ ይሆናል። ይህ ከ15 ዓመቱ ገደብ ያልፋል። ዕዳው በ15 ዓመት እንዲያልቅ በየወሩ 667 ብር ገደማ መቀነስ ይኖርበታል፤ ይህም ከገቢው 11 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደ ቁርጥ ክፍያ የሚያስበው 10 በመቶ መነሻ እንጂ ጣሪያ አለመሆኑን ተማሪው የሚረዳው ሒሳቡን ራሱ ሲሠራ ብቻ ነው። ደንቡ ደመወዝ ሲያድግ የክፍያው ጊዜ እንደሚያጥር፣ ደመወዝ ባለበት ሲቆም ግን የሚቀነሰው እጅ ከፍ እንደሚል በምሳሌ አላሳየም። ሕግ ምሳሌ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሕጉ ጋር ለተማሪው የሚሰጠው ቅጽና ማብራሪያ ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት።

3. የስያሜው ጉድለት

ደንቡ ከምሩቁ ገቢ የሚቀነሰውን ክፍያ «የምሩቃን ግብር» ብሎ ሰይሞታል። ይህ ስያሜ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። ግብር መጠኑ ከገቢ ጋር የሚወሰን፣ ገቢ እስካለ ድረስ የሚቀጥል፣ ከፋዩም ለይቶ የወሰደው ነገር ይኑር አይኑር የሚከፍለው ግዴታ ነው። ወጪ መጋራት ግን እንዲህ አይደለም። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ተከፍሎ ሲያልቅ ያልቃል፤ የሚከፈለውም ከፋዩ ራሱ ለተቀበለው ምግብ፣ መኝታና ትምህርት ነው። በጠባዩ ብድር ነው። ከግብር የወሰደው የአሰባሰቡን ዘዴ ብቻ ነው።

የስያሜው ስሕተት የቃል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ግብር የተባለውን ዜጋው ሊቀበለው ወይም ሊያማርረው ይችላል እንጂ «ስንት ቀረኝ?» ብሎ አይጠይቅበትም። ብድር የተባለውን ግን ተበዳሪው ይቆጥረዋል። የከፈለውን ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣ የቀረውን ይጠይቃል። ምሩቁ ዕዳውን እንደ ግብር ካሰበው መሥሪያ ቤት ሲለውጥ የተቀነሰለትን ገንዘብ የሚያረጋግጥ ማስረጃ መያዝ እንዳለበት አይገነዘብም። አሠሪው ቀንሶ ገቢ ማድረጉንም አይከታተልም። ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚደነግጠው ሰው በአብዛኛው የዚህ ስያሜ ሰለባ ነው።

የሚገርመው የጉለሌ ሸማኔ ይህን ጉዳይ በራሱ ቋንቋ አሳምሮ ማወቁ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሁሉ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወስዶ በቀሩት ዙሮች ሁሉ መክፈል እንደሚኖርበት፣ ለዚህም ዋስ እንደሚጠራ ያውቃል። ገንዘቡን ቀድሞ የወሰደ ዕቁብተኛ «ግብር ተጣለብኝ» አይልም፤ «ወስጃለሁ፣ እከፍላለሁ» ይላል። ወጪ መጋራትም ዕጣው ቀድሞ እንደወጣለት ዕቁብተኛ ነው። ለወላጅ በዚህ መንገድ ቢገለጽለት በአምስት ደቂቃ ይረዳዋል። ደንቡ ከኅብረተሰቡ የቆየ ልማድ ይልቅ የግብር መሥሪያ ቤቱን ቋንቋ በመምረጡ ይህን ቅርብ መንገድ ሳይጠቀምበት ቀርቷል።

4. ሸክሙ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ፍትሕን መነሻው ያደረገ ሥርዓት በራሱ መለኪያ መመዘን አለበት። በዚህ ረገድ ሦስት ነጥቦች ይነሣሉ።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ለሚከፍል የሚደረገው ቅናሽ የሚጠቅመው አስቀድሞ መክፈል የሚችለውን ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለው ቤተ ሰብ በቅናሽ ሲገላገል፣ የሌለው ሙሉውን ይከፍላል። መንግሥት ገንዘቡን በቶሎ ለማግኘት መፈለጉ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ቅናሹ ለድኻው ልጅ የማይደርስ መሆኑ በግልጽ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ አሰባሰቡ በአሠሪ በኩል ስለሚፈጸም በቀላሉ የሚያገኘው ደመወዝተኛውን፣ በተለይም የመንግሥት ሠራተኛውን ነው። በግሉ የሚሠራው፣ በንግድ የሚተዳደረው ወይም ከአገር የወጣው ምሩቅ ከዚህ መረብ ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህም የተነሣ ተመሳሳይ ትምህርት ከተማሩ ሁለት ሰዎች መካከል በዝቅተኛ ደመወዝ በታማኝነት የሚያገለግለው ከፍሎ ሲጨርስ፣ የተሻለ ገቢ ያለው ሳይከፍል ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምግብና መኝታ በሙሉ በተማሪው ላይ መታሰቡ ከቤቱ ርቆ የሚማረውን ከቤቱ ከሚማረው የበለጠ ባለዕዳ ያደርገዋል። ከዊንጌት ተነሥቶ በታክሲ ስድስት ኪሎ የሚማር ልጅ እናቱ ቤት ሊያድርና ሊመገብ ይችላል። ከሩቅ ወረዳ የተመደበው ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ሁልጊዜ የሚመርጠውም እሱ አይደለም። የቀድሞው የዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት የሩቁን ልጅ ለማቅረብ መኝታና ምግብ ሰጠ፤ አሁን ግን የሩቁን ልጅ ዕዳ የሚያከብደው ያው መኝታና ያው ምግብ ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ የትምህርት ዕድል ላልደረሳቸው ልዩ ድጋፍ እንደሚደረግ የጠቀሰው ሐሳብ ከወጪ መጋራቱ አንቀጾች ጋር ጎን ለጎን ሊነበብ ይገባው ነበር።

5. የሌሎች አገሮች ልምድ

የኢትዮጵያ ሥርዓት በአስተሳሰቡ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያ ለጀመረችው አሠራር ነው። በዚያ አገር ተማሪው ድርሻውን የሚከፍለው ከምረቃ በኋላ በግብር መሥሪያ ቤት በኩል ሲሆን፣ መክፈል የሚጀምረው ግን ገቢው በሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ነው። ገቢው ከዚያ በታች የሆነ ምሩቅ ለጊዜው አይከፍልም። ይህ ወለል የሥርዓቱ የፍትሕ ምሰሶ ነው። ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ 10 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ዕቅድ አውጪ ይህ ንጽጽር ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

ኬንያ ደግሞ የግንዛቤ ጉድለት የሚያስከፍለውን ዋጋ አሳይታለች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብድር ስትጀምር ብዙዎች ገንዘቡን እንደ መንግሥት ስጦታ ቆጠሩት፤ አመላለሱም እጅግ ደካማ ሆነ። ችግሩን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ1995 ራሱን የቻለ የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ ማቋቋም አስፈልጓል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚኖሩባት የተባበሩት አሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የፌዴራል መንግሥቱን የተማሪ ብድር አስፋፍታለች። ዛሬ የዚህ ብድር ድምር 1.6 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ፣ ባለዕዳዎቹም ከ40 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ይህ በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሆኖም ከዚያ አገር አሠራር ሁለት ነገሮች ሊወሰዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበደር ተማሪ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ስለ ግዴታው ማብራሪያ መውሰድ፣ ትምህርቱን ሲጨርስም ሁለተኛ ማብራሪያ መውሰድ ያለበት መሆኑ ነው። ማብራሪያው የብድሩ አካል እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አይደለም። ሁለተኛው፣ የተማሪውና የወላጁ ዕዳ በግልጽ መለየቱ ነው። ተማሪው በስሙ ከሚወስደው ብድር ሌላ ወላጅ በራሱ ስም የሚወስደው ብድር አለ፤ ይህን የሚመልሰው ወላጁ ነው፣ በሕግም ወደ ልጁ አይተላለፍም።

በኢትዮጵያ ውሉን የሚፈርመው ተማሪው ነው፤ ዕዳውም የእሱ ነው። በቤተ ሰብ ልማድ ግን የልጅ ዕዳ የቤት ዕዳ ነው። አዲስ ምሩቅ ከመጀመሪያ ደመወዙ ታናናሾቹን ማስተማር፣ አባቱን መጦር ይጠበቅበታል። ወላጁ ከልጁ ደመወዝ በየወሩ ስንት እንደሚቀነስ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ልጁ «አልደረሰኝም» ሲለው ያልጠበቀው ቅሬታ በቤቱ ይገባል። ደንቡ ወላጅን በቅጹ ላይ እንደ ስም ያውቀዋል፤ ሊነገረው እንደሚገባ ባለጉዳይ ግን አላሰበውም።

6. የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ድርሻ

ተማሪው ውሉን የሚፈርመው በዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሚረዳው ግን ከዚያ በፊት መሆን አለበት። በምዝገባ ሰልፍ ላይ የቆመ፣ ዶርም ያላገኘ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ የወጣ ወጣት የ15 ዓመት ግዴታን አመዛዝኖ ያነባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ትክክለኛው ጊዜም አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩ ችግር አለ። የመምህርነት ሠልጣኝ ድርሻውን በአገልግሎት እንዲከፍል በመደረጉ ብዙ መምህር የደመወዝ ቅነሳውን በራሱ ላይ አላየውም። ስለማያውቀው ሸክም ለተማሪው የሚነግረው ጥቂት ነው። ይህ የመምህሩ ጥፋት ባይሆንም ጉድለቱን ማሟላት የሙያው ግዴታ ነው። የሒሳብ መምህሩ በመቶኛ ትምህርት ላይ ከላይ የቀረበውን ዓይነት ስሌት ሊያሠራ ይችላል። የሥነ ዜጋ መምህሩ የደንቡን አንቀጾች ከተማሪዎቹ ጋር ሊያነብ ይችላል። የአማርኛ መምህሩ «ግብር» እና «ብድር» በሚሉት ቃላት ልዩነት ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያውል ጊዜው አይባክንም። በወላጆች ስብሰባም ከፈተና ውጤት ቀጥሎ ይህ አጀንዳ ሊሆን ይገባዋል።

ተማሪው ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎችም ጥቂት ናቸው። በዚህ ዓመት የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ድርሻዬ በብር ስንት ነው? የማልጠቀምበት አገልግሎት በስሜ ተመዝግቦብኛል ወይ? በምመርጠው መስክ ክፍያው በገንዘብ ነው ወይስ በአገልግሎት? የፈረምኩት ቅጽ ቅጂ እጄ ላይ አለ ወይ? በምረቃ ዕለት ድምሩን የሚያሳይ ወረቀት ይሰጠኛል ወይ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ተማሪ ውሉን አንብቧል ማለት ይቻላል።

ከዕቅድ አውጪው ደግሞ ሌላ ይጠበቃል። ቅጹ ተማሪው ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ፣ የስሌት ምሳሌ ተጨምሮበት ሊዘጋጅ ይገባል። ተመን ሲለወጥ ለውጡ ከምዝገባ በፊት መታወጅ አለበት። ምሩቁ የቀረበትን ዕዳ በማንኛውም ጊዜ የሚያውቅበት መንገድ ሊመቻች፣ ክፍያ የሚጀመርበት የገቢ ወለል ጉዳይም በድጋሚ ሊጤን ያስፈልጋል። በተጨማሪም ዕዳን ለማስከበር ሲባል የትምህርት ማስረጃን መያዝ ምን ያህል እንደሚያዋጣ መታሰብ አለበት። ሥራ የሚገኘው በማስረጃ፣ ዕዳው የሚከፈለው በሥራ ስለሆነ ማስረጃውን መያዝ የክፍያውን ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል።

መደምደሚያ

ወጪ መጋራት በኅብረተሰቡና በተማረው ወጣት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ስምምነት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት መሆን አለበት። የደንቡ ጠንካራ ጎን ያልተማረውን ግብር ከፋይ ማሰቡ፣ የድኻውንም ልጅ በር ላይ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። ደካማ ጎኑ ብድርን ግብር ብሎ መጥራቱ፣ የገቢ ወለልን በበቂ አለማሰቡና ወላጅን መዘንጋቱ ነው።

ከእነዚህ ጉድለቶች መካከል ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ የማያስፈልገው አንዱ ነው፤ እርሱም የማብራራቱ ሥራ ነው። ይህ ሥራ ልዩ በጀትም አዲስ መሥሪያ ቤትም አይጠይቅም። አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ የደንቡ አንድ ቅጂና ጉዳዩን አስቀድሞ ያነበበ መምህር ይበቃሉ። የዊንጌት አካባቢ ወላጅ ዕቁቡን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው። የልጁንም ዕዳ በብርና በወር ተሠልቶ ቢያየው ይረዳዋል፤ ከልጁ ጋርም ይመክርበታል።